ድመቷ ቤት ውስጥ የጀመረች ሰሞን

ወንድሜ ሲሄድ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድመቷን። ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ወንድሜ ከላይ ሆኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «ድመቷን አደራ» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። «አንተንም ለእሷ አደራ ብያታለሁ። ከሁለታችሁ እሷ ትሻላለች።»

እኔ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ነገር ቶሎ አይመጣልኝም። ይህንን ስጽፍ እንኳ አንዱን ዓረፍተ ነገር እጀምረውና እተወዋለሁ፤ ወጣ ብዬ ተመልሼ እቀጥለዋለሁ።

ድመቷ የደጅ ድመት ነበረች። ግራጫ ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ በጠብ ሄዷል። ቤት የምትገባው ለእሳቱና ለተረፈ ወተት ነው፤ የደብረ ታቦርን ብርድ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባትም። ለሌላው ጉዳይዋ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ጓሮ ውስጥ የት እንደምትሄድ ጠይቄ አላውቅም። ማንስ ይጠይቃል?

መርዶው የመጣው ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ማለዳ የቀበሌው ሰዎችና የሰፈር ሽማግሌዎች አብረው በሩ ላይ ቆሙ፤ እናቴ ሰዎቹን ስታይ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባት። አስከሬን አልመጣም። የት እንደተቀበረ፣ ተቀብሮም እንደሆነ፣ የነገረን የለም። ግቢያችን ተዳፋት ስለሆነ ድንኳን የሚይዝ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ የጓሮው የድንች ቦታ። ድንኳኑ እዚያ ተተከለ። የወንድሜ ፎቶግራፍና ልብስ፣ የሚተኛበት አጎዛ ሳይቀር፣ ከመደቡ ላይ ተነሥቶ ወደ ድንኳኑ ተወሰደ፤ ሬሳ ከሌለ ሰው የሚያለቅስበት ነገር ይፈልጋላ። ከሐሙሲት፣ ከይፋግ፣ ከገሳይ በእግርም በመኪናም ዘመድ መጣ። ያ ሁሉ ሰው ፎቶግራፉን ይዞ ደረቱን እየመታ እዚያች መሬት ላይ ዞረ።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ድመቷ ያን ሌላ ጉዳይዋን ቤት ውስጥ ጀመረች።

መጀመሪያ ያገኘችው አክስቴ ናት። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እኅት ስትሆን ከይፋግ ለሐዘኑ መጥታ አርባው እስኪወጣ እኛ ዘንድ ሰንብታለች። በወንድሜ መደብ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች።

«ይኼ የድመት ነው የሰው?»

«የሰው አይመስለኝም» አልኩ።

«አይመስለኝም? አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ተምረህ እርግጠኛ አይደለህም?»

እርግጠኛ የሆንኩት ስለ ምክንያቱ ነበር። በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር ሐዘን ይመስለኛል። በሩ ሲንቋረር ስለ ወንድሜ የሚናገር ይመስለኛል። ወተት ገንፍሎ ሲፈስ ለእሱ ነው እላለሁ። እንግዲህ ድመቷ ከቤቱ ሁሉ መርጣ የእሱ መደብ ሥር መሄዷን ሳይ ጥርጣሬ አልገባኝም።

«ናፍቆት ነው» አልኳቸው። «እንስሳም ያዝናል። ጠረኑን ፍለጋ ነው የምትሄደው።»

ይህንን የተናገርኩት ለእናቴና ለአክስቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሴቶች ተቀምጠው ሰሙኝ፤ ከእነሱም አንዷ በከተማው የታወቀች አልቃሽ ነበረች። በሚቀጥለው ጊዜ ዘመድ ሲሰበሰብ ድመቷን ሙሾዋ ውስጥ አስገባቻት። ሰው ለቅሶ ደርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድመቷ ግን ከጌታዋ መደብ አልነሣም ማለቷን በዚያ በሚያሳዝን ድምፅዋ አወረደችው። እዚያ መደብ ሥር ምን እንደምትሠራ አላነሣችም። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ አነቡ። እኔም አነባሁ፤ እንባዬ ውስጥ ግን፣ ልደብቀው አልችልም፣ ትንሽ ኩራት ነበረበት። የእኔ ግኝት ያን ያህል ሰው ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ስናገር የሚስቀው ነበር የሚበዛው።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት መሬት ላይ ጥዬው የወጣሁት ጋቢዬ ተበላሽቶ አገኘሁት። አክስቴ በሁለት ጣቷ ጫፉን ይዛ አነሣችው።

«አልቃሽህ ዛሬ ደግሞ ሙሾዋን ያንተ ጋቢ ላይ አውርዳለች።»

«እኔንም ስለምትወደኝ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ እንዲህ ብዙ አትወደድ። ሌላ ጋቢ የለህም።»

መድኃኒት ያልሞከርኩት የለም። ጥጉ ላይ አመድ ነሰነስኩ፤ ድመቷ አመዱን አሸተተችው፤ ተመቻት። በርበሬ ነሰነስኩ፤ እኔ ሳስነጥስ ዋልኩ፤ እሷ ከመደቡ ወዲህኛው ጥግ ተዛወረች። በመጨረሻ፣ ማንም እንደማያየኝ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ወንድሜ አወራሁላት። ሐዘኗ ቢወጣላት ትተወዋለች ብዬ ነው። ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ ወጥቶ እንዴት እንደወደቀ፣ የእኔን ጫማ እንዴት ደብቆ እንዳስለቀሰኝ፣ ሁሉንም። ድመቷ መዳፏን እየላሰች ሰማችኝ። ስጨርስ ተነሣችና መደቡ ሥር ገብታ... እንግዲህ የምትሠራውን ሠራች።

ነገሩ የከፋው የንስሐ አባታችን ሊያጽናኑን የመጡ ዕለት ነው። ራቁቱን በቀረው በወንድሜ መደብ ላይ ተቀመጡ። ጸሎቱን ጀመሩ፤ መካከል ላይ ቆም አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉ።

«በሩን ክፈቱት እስቲ ልጆቼ» አሉ። «የእግዚአብሔር ነፋስ ይግባ።»

የእናቴ ፊት ጠቆረ። አባ እንደወጡ፣ «በቃ» አለች። «ቤቴ የሐዘን ቤት ነው እንጂ በረት አይደለም። ቅዳሜ ትሄዳለች።»

የምትሄደው ገሳይ ነው። እዚያ ያሉ የአባታችን ዘመድ በየቅዳሜው ለገበያ ሲመጡ እኛ ቤት አረፍ ይላሉ፤ ጎተራቸውን አይጥ ጨርሶት ድመት ሲፈልጉ ከርመዋል። በጆንያ ይዘዋት ሊሄዱ ተነጋገሩ።

እኔ ማለት የነበረብኝ፣ ወንድሜ በእጄ የተወው ነገር እሷ ብቻ ናት፣ አደራውን እንዴት በጆንያ እሰጣለሁ፣ ነበር። አፌን ከፍቼ ያልኩት ግን፣ «ገሳይ ይበርዳታል» ነው።

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ደብረ ታቦር ደግሞ ቆላ ነው!»

ቅዳሜ ማለዳ ድመቷን ለመሰናበት ብዬ ተከተልኳት። ወደ ጓሮ ስትወጣ እኔም ወጣሁ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሷ ያልተናገርኩት ነገር የለም፤ ቁጭ ብዬ አይቻት ግን አላውቅም።

በቀጥታ ድንኳኑ ተተክሎበት ወደነበረው ወደ ድንች ቦታው ሄደች። ቆማ መሬቱን ጫረች። ጥፍሯ ድንጋይ እንደነካ ድምፅ አሰማ። ፈቀቅ ብላ ጫረች፤ ያው ነው። አሸተተች። ወደ አመድ መድፊያው አየች፤ የለቅሶ ሰሞን አጥንት የለመደው የጎረቤት ውሻ ተጋድሞበታል። ተመልሳ የድንኳኑ ካስማ ተነቅሎ የቀረውን ጉድጓድ አገኘች። እዚያ ብቻ አፈሩ ልል ነበር። በጉድጓዱ ላይ ለመቀመጥ ዞረች፣ እንደገና ዞረች፣ አልበቃ አላት። አንድ ጊዜ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጅራቷን አቁማ ወደ ቤት ሄደች።

ተከትዬ ገባሁ። እናቴ አርባው ሳይወጣ ቤቴን እበት አይነካውም ብላ ስለነበር፣ ወለሉ ሳይለቀለቅ ከርሞ ተሰነጣጥቋል፤ ሰው በማይረግጥበት በወንድሜ መደብ ጥግ ደግሞ ዱቄት ሆኗል። ድመቷ እዚያ ጫረች። አፈሩ እሺ አላት።

ወጥቼ ድንች ቦታው ላይ ተንበረከክሁ፤ በጣቶቼ መጫር ጀመርኩ። ጥፍሬ ተሰበረ። በአራት እግሬ ወደ ሌላው ጫፍ ሄጄ እዚያም ጫርኩ። ቀና ስል አክስቴ ማሰሮ ይዛ ቆማለች።

«ምነው ልጄ፣ አንተም ጀመረህ እንዴ?»

ምን ልበላት? በትምህርት ቤታችን የፖለቲካ ትምህርት ይሰጠን ነበር፤ ማንኛውም ነገር ቁሳዊ ምክንያት አለው ይሉናል፣ እኔ እተኛለሁ። ከቤታችን ትምህርቱ የገባት ድመቷ ብቻ ነበረች። መሬቱ ደረቀባት፤ ለስላሳ መሬት ፈለገች። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ሙሾ፣ ያ ሁሉ እንባ... አፍሬ ልሞት ነበር።

ከኀፍረቱ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። መሬቱ ድሮ ለምን ለስላሳ ነበር? ወንድሜ ከሄደ በኋላ ድንች የተከለ የለም። እናቴ ግን ትቆፍረው ነበር። ምንም ሳትዘራበት፣ ዝናብ ይምጣ አይምጣ፣ በየጊዜው ዶማውን ይዛ ወጥታ ገልበጥ ታደርገዋለች። ለአፈሩ ጥሩ ስለሆነ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዶማው የወንድሜ ነው፤ እጀታውን ራሱ ነው የጠረበው። ከመርዶው ወዲህ በእናቴ አልጋ ሥር ገብቶ የነካው ሰው አልነበረም።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ቀድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«እማዬ፣ ዶማውን... ዶማውን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ለድመቷ።»

«ልትገድላት ነው?»

«አይ። ልቆፍርላት።»

አክስቴ ከበሩ ላይ፣ «ለድመት ሽንት ቤት ሊሠራ ነው፤ ለእኛስ ምነው ሳያስብልን ኖረ» አለች። እናቴ አልሳቀችም።

«ድንች ቦታው ደርቋል» አልኩ። «ሰው ረግጦት ነው። አንቺ ስትቆፍሪው እዚያ ነበር የምትሄደው። አሁን ጥፍሯን ሰብሮ... የእኔንም ሰበረ፣ ይኸው። ናፍቆት አይደለም እማዬ። ውሸቴን ነው። መሬቱ ነው።»

እናቴ የተሰበረ ጥፍሬን ሳይሆን መሬቱን፣ የምድጃውን አመድ፣ አየች።

«ሲመጣ ደርቆ እንዳያገኘው ብዬ ነበር የምቆፍረው» አለች። አመዱን በእንጨት ቆስቆስ አድርጋ፣ «ይህንን ልታውቅ የምትችል ድመት ናት እንዴ?» አለች። ተነሣችና አልጋው ሥር ገብታ ዶማውን አወጣችው።

አቆፋፈሬን ብዙ ባልናገር ይሻላል። ዶማውን ከራሴ በላይ አንሥቼ ስጥለው መሬቱ መለሰው። ደግሜ ስጥለው የእግሬ ጣት ለጥቂት ተረፈች። ስቆፍር፣ ለወንድሜ አንዲት ጉድጓድ ያልቆፈርንለት ሰዎች ለድመት... ብዬ አሰብኩና ቆምኩ። እናቴ የቆምኩት ስለደከመኝ መሰላት።

«ዞር በል» አለችኝ። «እንዲህ አይደለም። ከጎኑ ነው የሚያዘው።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከመርዶው ወዲህ ከምድጃውና ከለቅሶ ቦታ ርቃ አታውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ስትመታው ጓሉ ተነሣ። እያለቀሰች ትቆፍራለች፤ ዶማው ግን አይስትም። እኔ ጓሉን በእጄ እየፈረከስኩ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ የተማረ ሰው ሥራ ያ ነበር።

ገና አንዱን ጥግ እንደጨረስን ድመቷ መጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። በመካከላችን አልፋ፣ ትኩሱን አፈር ጫር ጫር አድርጋ፣ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። እኛም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተከትላን የወጣችው አክስቴ ጭምር፣ ሦስታችንም ሥራችንን አቁመን ቆመን አየናት።

የገሳዩ ዘመዳችን ጆንያቸውን በትከሻቸው ጥለው የደረሱት ልክ በዚያች ሰዓት ነው።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ። እኛ ወደምናይበት አዩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ዝም በሉ» አለች አክስቴ። «ጸሎት ላይ ናት።»

እናቴ ድምፅ አወጣች። ሳል መስሎኝ ዞር ስል ሳቅ ነው። አጭር ናት፤ ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ አፈነቻት። ድመቷ አፈሩን መልሳ ጥንቅቅ አድርጋ ከደነች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ታስተካክለዋለች።

«ድመቷን ይዘዋት አይሄዱም» አለች እናቴ ለዘመዳችን። «የልጄ ናት።»

ልጄ ያለችው የትኛችንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሳቸው ጆንያውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉት፤ ምሳ በልተው ሄዱ።

አርባው ሲወጣ ቤቱ በእበት ተለቀለቀ፤ የመደቡ ጥግ ጠነከረ፤ ድመቷ ወደ ውስጥ የምትገባው እንደ ድሮው ለእሳቱ ብቻ ሆነ። ክረምቱ ሲገባ እናቴ ድንች ተከለችበት፤ አንዱን ጥግ ለአደራዬ ብላ ተወችልኝ፤ እየቆፈርኩ የማለሰልሰው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ዶማውን ከጎኑ እይዘዋለሁ። ድንቹ ሲደርስ አክስቴ ከይፋግ መጣች። ቅቅሉ ሲቀርብላት አንዱን አነሣች፣ አገላበጠችው፣ ወደ እኔ አየች።

«ይኼኛው» አለች፣ «ከየትኛው ጥግ ነው የወጣው?»