የጥሬው ክፍል አፓ

ርጥብ ነጭ አፈር ፀሐይ ሲያርፍበት የሚሰጠው ሽታ አለ። የመጀመሪያው ዝናብ እንደነካው አቧራ ያለ ነው፤ ግን ከእርሱ ይለሰልሳል። መምህርት ናዚራን ያ ሽታ ዛሬም ድንገት አፍንጫዋን ሲነካት እጇ ከያዘው ሥራ ይቆማል፤ ጆሮዋም ከዓመታት ወዲያ ልጆች በኅብረት የሚያወጡትን ዜማ ይሰማል፦

«ድረቅ ድረቅ ሰሌዳዬ፣
ነገ ይመጣል እንግዳዬ!»

ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ የትናንቱን ጽሕፈት በእጅ ፓምፑ ሥር ያጥባል፤ የእንጨት ሰሌዳውን በነጭ አፈር ይቀባል፤ ከዚያም በሁለት እጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ያወዛውዘዋል። ሰሌዳው ሳይደርቅ ፊደል ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ልጆቹ ፀሐይን አንዴ ያባብሏታል፣ አንዴ ይቆጧታል። ደመና የመጣ እንደሆነማ «አፓ፣ ዛሬ ፀሐይ ቀርታለችና ስሟን ይመዝግቡልን!» የሚል አይጠፋም።

ከመስኖው ካናል ዳር ባለው በዚያ የመንደር ትምህርት ቤት ፊደል ያልቆጠሩት ልጆች የሚገቡበት «ጥሬ ክፍል» ይባላል፤ ዓመት ቆይተው የሚዛወሩበት ደግሞ «ብስል ክፍል» ነው። ናዚራን ዕድሜዋን የጨረሰችው ጥሬውን በማብሰል ነው። ትልልቆቹን አስተምሪ ተብላ ብትጠየቅም እንቢ አለች። ልጆቹ እንደ ታላቅ እኅት «አፓ» ይሏታል፤ ወላጆቻቸውም አፓ ይሏታል፤ ኋላማ ወተት የሚያዞረው ሰውዬ ሳይቀር አፓ ይላት ጀመር።

የማስተማሪያዋ ዕቃ ሁሉ ከመንደሩ የተለቀመ ነበር። ብዕሩ ከካናሉ ዳር የተቆረጠ መቃ ነው። ቁጥር የሚማሩት በቁርቁራ ፍሬ ነበር፤ መጀመሪያ ሥጋው ይበላል፣ ከዚያ ዘሩ ይቆጠራል።

«ስንት ሆነ?»

«ሦስት ነበሩ አፓ፤ ግን አንዱን ዋጥኩት።»

«በል እንግዲህ፣ ዛሬ መቀነስ ተማርክ።»

ፊደሎቹም ለእርሷ ፊደል ብቻ አልነበሩም። አሊፍ የአያት ምርኩዝ ናት፤ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ቤ ከሥሯ አንድ ዓሣ የሚዋኝላት ጀልባ ናት። ጂም ደግሞ ሆዷ ውስጥ እንቁላል የያዘች ዶሮ ናት፤ ነጥቧን የረሳ ልጅ «ዶሮዋ እንቁላሏን ጣለች!» ተብሎ ይሳቅበታል።

ከሁሉም በላይ ግን ናዚራን የምትታወቀው በአንድ ነገር ነው። ጥያቄ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጁ ጣሪያ ቢያይ፣ አፍንጫውን ቢጐረጕር፣ ጓደኞቹ ቢንጫጩ፣ ሁለተኛ አትጠይቅም። ልጅን ደጋግሞ መጠየቅ «አላምንህም» ማለት ነው ትል ነበር። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ ዝምታው ቢረዝምበት፣ «ምነው አፓ፣ ትምህርቱ አለቀ እንዴ?» አላት።

«መልሱ መንገድ ላይ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «እግሩ ትንሽ ስለሆነ ነው የዘገየ።»

ዓመቱ ሲያልቅ የሚደረግ ደንብም ነበራት። ወደ ብስል ክፍል የሚያልፍ ልጅ ሰሌዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ያጥባል፤ አዲስ አፈር ይቀባዋል፤ ምንም ሳይጽፍበት ለሚመጣው ልጅ ብሎ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ከዚያ ዞር ሳይል፣ ደኅና ይሁኑ ሳይል ይወጣል። «ያልተሰናበተ ይመለሳል» ትላቸዋለች። ልጆቹም ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ሳቃቸውን ይዘው ሹልክ ይላሉ። በእርግጥም ይመለሱ ነበር፤ የብስል ክፍል ተማሪ ሆነው እንኳ በዕረፍት ሰዓት በመስኮቷ አንገታቸውን የማያሰግጉ ጥቂቶች ናቸው።

የገዛ ልጇ ከውሰር አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ናዚራን እጇን ይዛ ወደዚያው ክፍል አስገባቻት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባለጌ ልጅ ገና ባልደረቀ ሰሌዳዋ ላይ መዳፉን አትሞባት ሮጠ። ከውሰር «እማ! እማዬ!» እያለች መጥታ በእናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች።

በዚያ ክፍል ሐኒፋን የምትባል፣ እናቷ ከሞተች ገና ወራት የሆናት ልጅ ነበረች። ያን ጥሪ ስትሰማ መቃዋ ከእጇ ወደቀ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ናዚራን አንዷን አየች፤ ሌላዋን አየች። ከዚያም የገዛ ልጇን ክንዶች ከወገቧ ላይ ፈታች።

«ስሚ ከውሰር። እዚህ እማ የሚባል የለም። እዚህ የሁላችሁም አፓ ነኝ። ገባሽ?»

ከውሰር ዕንባዋን አፈር በነካው እጇ ጠረገች፤ ጕንጯ ነጭ ሆነ። «ገባኝ፣ አፓ።»

የዚያን ዕለት ማታ ለእራት ሲቀመጡ፣ «አፓ፣ ቂጣ ይጨምሩልኝ» አለች። አባቷ ባርካት ሳቅ አፈነውና የሚጠጣው አሬራ በአፍንጫው ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ኧረ በአላህ! ቤቱም ትምህርት ቤት ሆነ? እኔስ ማን ልሁን፣ ዘበኛው?»

«አንተማ አባባ ነህ። አንተ አታስተምርም።»

ናዚራንም ስቃ፣ «ቤት ውስጥ እንኳ እማ አትዪኝም?» አለቻት።

ከውሰር ቂጣዋን እያላመጠች አሰበችበት። «ቤት እማ ካልኩ እዚያም ያመልጠኛል። ሐኒፋን ደግሞ ታለቅሳለች።»

ናዚራን ሌላ ቂጣ አቀበለቻት። ውሎ ሲያድር ይተዋታል አለች በልቧ። መልሱ መንገድ ላይ ነው አለች። እንደ ልማዷ ሁለተኛ ሳትጠይቅ መጠበቅ ጀመረች።

ሳምንት ሄደ፤ ወር ሄደ። ዓመቱ አልቆ ልጆቹ ባዶ ሰሌዳቸውን እያስደገፉ ሹልክ ሹልክ ሲሉ፣ ከውሰር ደፍ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ደኅና ይሁኑ፣ አፓ» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው። ልጆቹ «ተሰናበተች! ከውሰር ተሰናበተች!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ናዚራንም አብራ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ባዶው ደፍ ላይ ቀረ።

ከውሰር አድጋ ለካራቺ ሰው ስትዳርም እንዲሁ ሆነ። በእነርሱ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ «እማዬ!» ብላ ያልጮኸች እንደሆነ ጐረቤት ይታዘባል። ከውሰር ግን ቀዩን ሻርፕ ሰብስባ፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ «ደኅና ይሁኑ፣ አፓ» አለች። ከሙሽራው ወገን አንዲት ሴት፣ «የልጅቷ እናት የታለች? ታላቅ እኅቷ ብቻ ናት እንዴ የመጣችው?» ብላ ጠየቀች። ናዚራን ያን ጥያቄ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ባርካት ሞተ። ናዚራን ጡረታ ወጣች። ትምህርት ቤቱ የታተመ መልመጃና እርሳስ ሲመጣለት፣ አሮጌዎቹ ሰሌዳዎች ለማገዶ ሊፈለጡ ነው ሲባል ሰምታ በጋሪ ጭና ቤቷ አመጣቻቸው፤ ጓዳው አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ከካራቺ በስልክ የሚመጣው ድምፅ ግን ያው ነበር፦ «አፓ፣ እንዴት ነዎት? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ናዚራን ስልኩን ዘግታ ብዙ ጊዜ እጇ ላይ እንደያዘችው ትቆይ ነበር። ከልጇ የምትሻው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ እርሷም ከመንገድ ቀርታለች።

አንድ በጋ ከውሰር ትንሿን ልጇን ማሂንን ይዛ መጣች። ጐረቤቷ ባሺራን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እንግዳ መጣልሽ አሉ! ልጅሽ ናት ተማሪሽ?» አለቻት።

«ምላስሽ አይታክተው መቼም» አለች ናዚራን። ሳቀች፤ ነገሩ ግን ወጋት።

ማሂን ስድስት ዓመቷ ነው። ካራቺ ትምህርት ቤት ገብታ እርሳስ ባየች ቍጥር ሆዴን ትላለች። ማታ ማታ ከውሰር ደብተሩን ዘርግታ ስትይዛት የግቢው ዶሮ ሁሉ ይደነግጣል።

«ይኼ ማነው? ማሂን፣ ይኼ ማነው? ስንት ጊዜ ልጠይቅሽ? እዪኝ! ይኼ ማነው?»

ማሂን እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች።

ናዚራን ጣልቃ አልገባችም። በማግሥቱ ከውሰር ልብስ ስታጥብ ልጅቷን ወደ ትንሿ ክፍል ጠራቻት፤ በሰፊ ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳ ፊቷ አኖረች።

«ጣትሽን አምጪ።»

«እርሳስ የለም፣ ናኒ?»

«የለም። እርሳስ ዛሬ ሆዱን አሞት ቀርቷል።»

ማሂን አያቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት፤ ቀልዱ ሲገባት ፈገግ አለች። በዱቄቱ ላይ አሊፍን እንደ ምርኩዝ አቆመች፤ ተጣመመባትና ደነገጠች። ናዚራን ትሪውን ነቅነቅ አደረገችው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«እማ አታየውም?»

«ዱቄት ወሬ አያወጣም፣ ልጄ።»

እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። ከትሪው ወደ ሰሌዳው ተሻገሩ። ማሂን እስከ ክንዷ አፈር ተቀብታ ግቢው መካከል እየዞረች «ነገ ይመጣል እንግዳዬ!» ትላለች፤ ባሺራንም ከአጥሩ ማዶ ታጅባታለች።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ማሂን በመቃው ጂምን ጻፈች፤ ነጥቧንም በቦታዋ አኖረች። ልክ ያን ጊዜ ከውሰር በሩ ላይ ብቅ አለች።

«እማ! እማዬ፣ ነዪ እዪ! ዶሮዋ እንቁላሏን አገኘች!»

ናዚራን አፏ በልማድ ተከፈተ። «እዚህ…» አለች። ቀጥሎ የሚመጣው ምላሷ ላይ ነበር። የትንሿ ከውሰር አፈር የነካው ነጭ ጕንጭ ትዝ ሲላት ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«ሂጂ» አለቻት። «እናትሽ ናት። ሄደሽ እቀፊያት።»

ማሂን እየሮጠች ሄዳ ሰሌዳውንም አፈሩንም ይዛ እናቷ ላይ ተለጠፈች። ከውሰር የልጇን ራስ እየዳሰሰች እናቷን አሻግራ ተመለከተች፤ ማሂን ግቢ ወጥታ ድሉን ለባሺራን ማውራት እስክትጀምር አልተናገረችም።

«ያስታውሱታል ማለት ነው» አለች።

«ምኑን?»

«የዋጡትን።»

ናዚራን ማሂን የጣለችውን መቃ አንሥታ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። «የሐኒፋን ነገር አንጀቴን በላው። ያን ቀን የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።»

«ሐኒፋንን እኔም አየኋት፣ አፓ። በእርሷ ቂም የለኝም።» ከውሰር እንደ ተማሪ ግድግዳውን ተደግፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «የዚያን ዕለት ማታ ግን ‹እማ አትዪኝም?› አሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ በማግሥቱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። በሁለተኛው እሺ ልል ነበር።»

«እኔም እየጠበቅኩሽ ነበር።»

«ልጅ ምን ያውቃል? አልፈለጉትም አልኩ። ማሂንን ለምን ደጋግሜ እንደምጠይቃት አሁን ገባዎት? ተዋችኝ እንዳትል ነው። ብቻ እኔ ጩኸት አደረግሁት።»

ከውጭ የማሂን ሳቅ ተሰማ፤ ሁለቱም ወደዚያ ዞሩ። ወሬውም በዚያው ቀረ።

የመሄጃቸው ቀን ደረሰ። ወደ ሳሂዋል ባቡር ጣቢያ የሚወስዳቸው ባጃጅ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። ከውሰር የመንደሩን ሴቶች አንድ በአንድ አቅፋ ተሰናበተች፤ ባሺራንን ሁለት ጊዜ። ማሂን ሰሌዳዋን ታቅፋ ባጃጁ ላይ ወጥታለች። በመጨረሻ ከውሰር እናቷን ፍለጋ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች።

ናዚራን በሰሌዳዎቹ መካከል ቆማ ነበር። ያን «ደኅና ይሁኑ» በሰው ፊት ልትሰማው ስላልፈለገች ነው እዚያ የተደበቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ልጅ ያላደረገችውን ለማድረግ ትንፋሽዋን ሳበች።

«ከውሰር፣» አለች፣ «ቤት ውስጥ እማ አትዪኝም?»

ባጃጁ ደግሞ ጮኸ። የከውሰር ከንፈር ተላወሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ናዚራንም ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች።

ከውሰር ጐንበስ አለች። ከግድግዳው ሥር አንድ አሮጌ ሰሌዳ አነሣች፤ የካራቺ ቀሚሷን እጅጌ ጠቅልላ እጇን በነጩ አፈር ሣህን ውስጥ ነከረች። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ቀባችው፤ በመዳፏ አለሰለሰችው፤ ምንም ሳትጽፍበት መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ያ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዕንባዋን ሳትጠርግ፣ ዞር ሳትል፣ ደኅና ይሁኑ ሳትል ወጣች።