ከመሪው ውስጥ የወጣው ቀበቶ

ሰፈሩ ሁሉ «ሞርሳ» ይለዋል። እንደ ብረት መንከሻው መሣሪያ አንዴ የያዘውን አይለቅማ! የዛገ ብሎን ይሁን፣ የጠመመ ዘንግ ይሁን፣ ክርክርም ይሁን፣ ሞርሳ ከነከሰው ወይ ይፈታል ወይ ይሰበራል። የመኪና መሪ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን ነቅነቅ ካደረገው ዘንጉን አቅፈው ከሚይዙት ቀለበቶች፣ ከቦኮላዎቹ፣ የቱ እንደተበላ ይነግራችኋል። ይህ ሰው ታዲያ ለማንም ሳይናገር አሥራ አንድ ዓመት ነክሶ የያዘው አንድ ጉድ ነበረው።

ነገሩ የታላቅ እህቱ ባል መኪና ነው። አማቹ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። መኪናዋ ደግሞ ፊተ ክብ፣ ወተት የመሰለች፣ በሯ ሲዘጋ እንደ ድሮ ቁምሳጥን «ዱብ» የምትል አሮጊት ናት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ ከቤታቸው ወጥተው ኩርባው ላይ ሲደርሱ፣ መታጠፉን ታጠፉ፤ መሪው ግን አልመለስ አላቸው። ሄደው የዳቦ ጋጋሪውን ግንብ ገጩ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ የፈረሰው ግንቡና የመምህሩ ክብር ብቻ ነው።

«መሪው ያዘኝ» አሉ።

ሞርሳ እየሮጠ መጣ፤ መሪውን ግራ ቀኝ አዞረው፤ ዞረለት። «ጋሼ፣ መሪውስ ደህና ነው። እርስዎን የያዘዎት እንቅልፍ እንዳይሆን!» አለ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ግንቤ» የሚለውን ስም ያወጣላቸውም ያኔውኑ እሱው ነው፤ ስሙም ሙጫ ሆኖ ቀረ። መምህሩ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም። «እጄን አላምነውም» ይላሉ፣ ሌላ አይሉም። መኪናዋም ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች።

ዘንድሮ ልጃቸው «አጎቴ፣ አድሰህ ስጠኝ» አለችና መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ሞተሩና ፍሬኑ በሌላ ሰው እጅ ተሠራ። መሪው የሞርሳ ነው፤ ለማን ይሰጠዋል?

ዘንጉን ከነቱቦው አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው፤ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ገፋው። ከዘንጉ ጋር ሦስት ቦታ የታጠፈ፣ እንደ ቋንጣ የደረቀ የቆዳ ቁራጭ ወጣ። ሁለት የቀበቶ ቀዳዳዎች ዓይን ሆነው አፈጠጡበት። ሞርሳ ክው አለ።

ቀበቶው የራሱ ነው። ከአደጋው አንድ ዓመት በፊት የታችኛው ቦኮላ አልቆ ገበያ ላይ ሲጠፋ፣ የቀበቶውን ጫፍ ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ ዘንጉ ላይ ጠመጠመው። «ለሦስት ቀን ነው» ብሎ ነበር። ሦስቱ ቀን ዓመት ሆነ፤ ቆዳው ደርቆ ተጣጠፈና በዘንጉና በቱቦው መሀል ተቀረቀረ፤ ግጭቱ ሲያላላው መሪው መልሶ ዞረ። ያን ቅዳሜ መሪውን ሲያዞረው አንድ ነገር መዳፉ ላይ ከርከር ብሎት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አውቋል፤ ግን አልከፈተውም።

የተበላውን ዘንግ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወሰደው። የቶርኖው ሰውዬ ቆዳውን አንስቶ አገላበጠና ሳቀ፦

«ይቺን የወተፈ አህያ ማነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሞርሳ። ቃሉ እንደ ጋለ ብረት ምላሱን ለበለበው።

የዘንጉ ጎድጓዳ በብየዳ ተሞልቶ ተላገ፤ ከነሐስ አዲስ ቦኮላ ወጣለት። ሞርሳ ግራሶ ቀብቶ ገጠመው። መሪው በአንዲት ጣት ይዞራል! ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋራዡን በፉጨት ይሞላው ነበር፤ ዛሬ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

መኪናዋን ነድቶ የእህቱ ደጅ ላይ አቆማት።

«ግንቤ! ወንድሜ መጣልህ!» አለች እህቱ እየሳቀች።

ቆዳውን መምህሩ ፊት አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ ቀበቶ ነው። ያወጣሁት ከመሪዎ ውስጥ ነው። ያስገባሁትም እኔ ነኝ። መሪው እውነትም ይዞዎት ነበር።»

መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ቁራጩን እንደ ካርታ አተኩረው አዩት።

«መቼ አወቅህ?»

«ዛሬ ነው ብል ደስ ባለኝ። ያኔውኑ ነው።»

«እያወቅህ ነው ግንቤ ያልከኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንተ!» አለች እህቱ ደረቷን ይዛ። «አሥራ አንድ ዓመት ባሌን እንቅልፋም ስል ዝም ብለህ ትሰማኛለህ?»

መምህሩ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ልጄ መንዳት ስትማር አጠገቧ የተቀመጠው ማነው? አንተ ነህ። እኔ አባቷ በመስኮት ነበር የማያት።»

ሞርሳ ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ይቺን ሲሰማ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ቁልፉን ስጠኝ» አሉ መምህሩ።

ገቡ፤ ሞርሳ ከጎናቸው ተቀመጠ። መምህሩ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ታጠፉ፤ መሪው እንደ ቅቤ ለስልሶ ተመለሰ። ዳቦ ጋጋሪው ከደጁ ሆኖ ጮኸ፦ «ኧረ ግንቤ! ዛሬስ እዘንልን!»

መምህሩ ፍሬን ያዙ። ወደ ሞርሳም ሳይዞሩ «ውረድና ንገረው» አሉ።

ወረደ፤ ቆዳውን በእጁ ይዟል። ግንቡ የተጠገነበት ቦታ ቀለሙ እስከ ዛሬ ከሌላው አልገጠመም።

«ያን ቀን መሪው ያዘኝ ያሉት እውነታቸውን ነው» አለና ቆዳውን ዘረጋለት። «ግንቤ መባል የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ሊስቅ ከፈት ያደረገውን አፉን የሞርሳን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው። ሞርሳ ዞር ብሎ መኪናዋን አየ። መምህሩ ሞተሩን አላጠፉም፤ እሱንም አላዩትም። እጃቸውን እያዩ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያደርጉት ነበር።