ከሰሌዳው ግርጌ የቀረው

ኢሜይል ለሰው ከማስተላለፌ በፊት እስከ ታች ድረስ የማነበው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እስራኤል ውስጥ፣ በሃይፋ ወደብ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች ተጠሪ ነኝ። በቀደም አለቃችን የሳምንቱን የፈረቃ ሰሌዳ በኢሜይል ላከልኝ፤ እኔም ከላይ ከላይ አየት አድርጌ ለሁሉም አስተላለፍኩት።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት አባ ዘለቀ ስልካቸውን ይዘው መጡ። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። ዕብራይስጥ ስለማያነቡ የሥራ መልእክት ሲደርሳቸው የማነብላቸው እኔ ነኝ።

«እስቲ እየው ልጄ፣ ምን ይላል?»

እሑድ ጠዋት፣ ማክሰኞ ከሰዓት እያልኩ አነበብኩላቸው። ወደ ታች ሳወርደው ግን ከሰሌዳው ስር የራሴን ጽሑፍ አየሁ። ለካ አለቃችን ሰሌዳውን የላከው ቀደም ብዬ ለጻፍኩለት ኢሜይል መልስ አድርጎ ነው። «ዘለቀ ደክሟል፤ ደረጃው ከብዶታል። በሌላ ሰው ቢተካ ይሻላል» ይላል ጽሑፌ።

ማንበቤን አቆምኩ። ስልኩን ልመልስላቸው ዘረጋሁ፤ እሳቸው ግን አልተቀበሉኝም።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አባ።»

«ከታች ያለውስ?»

«እሱ… ማስታወቂያ ነገር ነው። ለእርስዎ አይደለም።»

«ቤሰደር» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ ስልኩን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። መጥረጊያቸውን አንስተው ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ዞር አሉ።

«ትናንት የልጅ ልጄ አንብባልኛለች። ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»