የአያቴ ብሎኖች

ዛሬ መኪና ስር ተኝቼ አለቀስኩ።

ጣሊያን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጥሏት የሄደች፣ አሁን የማድሳት ባለሁለት ወንበር የውድድር መኪና ናት። ላይዋን ስታዩት ሙሽራ፣ ከስር ግን ወንፊት!

ከተማውን ዞሬ ልኳ የሆነ ብሎን ስላጣሁ፣ የድሮዎቹን ላጸዳ ገባሁ።

ዝገቱን ስፍቀው ብሎኖቹ ላይ በመሮ የተመታ መስቀል ወጣ። ቤታችን ባለው ማረሻ ላይ ያለው የአያቴ ምልክት ነው። አያቴ የቅርቧ ይጁቤ ከተማ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ጣሊያኖች ይዘውት ሄደው በዚያው ቀረ።

አባባን ጠራሁት። አባቱ ሲወሰድ ገና አልተወለደም ነበር።

ብሎኑን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እናቴ ሞቷል ብላ ስታለቅስ፣ እዚሁ ማርቆስ ነበር?» አለኝ።

ብሎኖቹ ግን ዝገው ከመኪናዋ ወለል ጋር ተጣብቀዋል፤ ዝገቱ እንዳይስፋፋ ወለሉ ከነብሎኖቹ ተቆርጦ መውጣት አለበት። መቁረጫውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ የራሳችሁን ሰው ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እናንተ እንዴት አስቻላችሁ?