ለጋሼ ዓለሙ ሸክላዎች የመረጥኩት ላስቲክ

የአዲስ ላስቲክ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሰሞን የልጄን መጻሕፍት ለመሸፈን ጥቅሉን ስፈታ፣ ያ ጣፈጥ ጣፈጥ እያለ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ሽው ሲልብኝ እጄ ባለበት ይቆማል፤ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል ኮረብታማ ሰፈር በነበረው ሦስተኛ ፎቅ ቤታችን፣ የሰው አደራ ማበላሸቴን ብቻዬን እያወቅሁ የቆየሁባቸው ወራት ተመልሰው ይመጣሉ።

ሸክላዎቹ የጋሼ ዓለሙ ነበሩ። ጋሼ ዓለሙ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጎንደር ከተማ ሳሉ ሻይ ቤት የነበራቸው ሰው ሲሆኑ፣ ከሻይ ቤቱ የተረፏቸው አርባ የሚሆኑ የሙዚቃ ሸክላዎችና አንድ ማጫወቻ ነበሩ። አርብ አርብ ሰንበት ሳይገባ እማየ ወለሉን ስታጥብ፣ የሳክስፎኑ ድምፅ ከታች ወለሉን ሰንጥቆ ይመጣና እሷም መጥረጊያውን ይዛ ቆም ትል ነበር። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ከእናቷ ጋር ጎንደር ቀርታባቸው፣ የመምጫ ፋይሏ ከምስራድ ምስራድ፣ ከቢሮ ቢሮ ማለት ነው፣ ሲንከባለል ዓመታት አልፈው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ያለው ስንዴ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ጋሼ ዓለሙ ራሳቸው ጎንደር ሄደው የልጃቸውን ነገር ከዚያ ሊጨርሱ ቆረጡና የተከራዩትን ቤት ለቀቁ። ሸክላዎቹን በሁለት ካርቶን፣ ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ እኛ ቤት ይዘው ወጡ።

«ባየው» አሉት አባየን፣ «እነዚህን ላንተ ትቻለሁ። የውስጥ ወረቀታቸው አልቋል፤ አንዳንዱን በጋዜጣ ነው የጠቀለልኩት። እንዳይጫጫሩብኝ ደህና የውስጥ ፖስታ ፈልግላቸው። አደራህን።»

«በአንገቴ ጋሼ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያቸው» አለ አባየ፣ ካርቶኖቹንም ማማድ ውስጥ፣ ግድግዳው ወፍራም መስኮቱም በብረት የሚዘጋ በሆነው የመጠለያ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ከቤታችን ሁሉ የጠነከረው ክፍል እሱ ነበራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በቤታችን ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ነበር። አባየ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ ሚፍዓል፣ ፋብሪካ ማለት ነው፣ በፈረቃ ይሠራ ነበር፤ ዕብራይስጡ ለማሽኑ ይበቃዋል፣ ለማንበብ ግን አይሆንም ነበር። የባንኩን፣ የመብራቱን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ እኔ ከቦርሳዬ ሳልላቀቅ ቆሜ አነብ ነበር፤ «እንዲህ ይላል» ካልኩ እንዲያ ይላል፣ ያልገባኝን ቃል ስዘለውም የሚያውቅብኝ አልነበረም። ይህ ልጅን ያኮራል፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ቀን ይነቃብኝ ይሆን ያሰኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት አባየ ከፈረቃ ሲወጣ ይዞኝ መሀል ከተማ ወረድንና አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሸክላ አይቶ የማያውቅ ወጣት ስለነበር፣ በመጠኑ የሚሆኑትን ሁሉ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋልን። በአንድ በኩል ተራ ነጭ የወረቀት ፖስታ፣ በሌላ በኩል ለደብተር የሚሆን፣ ወፈር ያለና እንደ መስታወት ጥርት ያለ የላስቲክ ኪስ ነበር። አባየ ወረቀቱን አንስቶ በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«ድሮም የነበሩት በወረቀት ነው» አለ።

«ወረቀትማ ይቀደዳል አባየ። ይሄ ውኃም አቧራም አያስገባም። እኛም በትምህርት ቤት የምንጠቀመው ይሄንን ነው።»

«ለሸክላ ይሆናል?»

ይሁን አይሁን ምንም አላውቅም ነበር። ሽታውና ጥራቱ ደስ ስላለኝ ብቻ «ይሆናል፣ እዚህ ላይ ተጽፏል» አልኩት። ላስቲኩ ላይ የተጻፈው ግን የፋብሪካው ስምና መጠኑ ብቻ ነበር።

አባየ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ትልልቆቹ ሸክላዎች በኪሱ ስለማይገቡ በነበሩበት ቀሩ፤ ትንንሾቹን ግን፣ ሃያ ስድስት ነበሩ፣ ማማዱ ወለል ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ አለበስናቸውና አሮጌውን ወረቀትና ጋዜጣ ሁሉ ጣልነው።

ከዚያ በጋው ገባ። የሸለቆው ሙቀት አስፋልቱን ሲያቀልጥ፣ ማማዱ በብረት መስኮቱ እንደተዘጋ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። በዚያው በጋ ከድንበር ማዶ ሮኬት ይተኮስ ስለነበር የአደጋው ጡሩምባ፣ አዛካ የምንለው፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየጮኸ፣ እናታችን ታናሽ ወንድሜን ታቅፋ፣ ሁላችንም ተያይዘን ወደዚያው ክፍል እንሮጥ ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ አላቆም ብሎ ሲያለቅስ፣ ላባብለው ከካርቶኑ አንድ ሸክላ መዘዝኩ። ከላስቲኩ ሳወጣው አልወጣ አለኝ፤ ሳብ ሳደርገው እንደ ፕላስተር እየተላጠ ወጣ፣ ጥቁሩ ገጹም ላይ መስታወት ላይ እንደተተነፈሰ ያለ ነጭ ጉም ነበረበት። በቀሚሴ ጠረግሁት። አልለቀቀም። ሌላ መዘዝኩ፤ እሱም ያው ነው።

አባየ ጆሮውን ወደ በሩ ሰጥቶ የሚፈነዳውን እየቆጠረ ስለነበር አላየኝም። እማየ መደንገጤን አይታ በውጭ ያለው አስፈርቶኝ መስሏት፣ «አይዞሽ ጥሩዬ፣ ሩቅ ነው» ብላ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ማንም ሳይኖር አንዱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ሌላውን ከመድኃኒት ሣጥን ባገኘሁት ጥጥና አልኮል ሞከርኩ። ጉሙ እንዳለ ቀርቶ፣ መሀሉ ላይ ያለው የዘፋኙ ስም ወርቃማ ቀለም ወደ ጥጡ ተዛወረ። ያን ጊዜ ሁሉንም ከላስቲኩ ባወጣቸው ኖሮ አብዛኞቹ ብዙም ሳይጎዱ በተረፉ ነበር፤ ነገር ግን ላስቲኩ ከሌለ አባየ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁና መልሼ አስገባኋቸው። ማወቄን ለመደበቅ ስል ሙቀቱ እንዲጨርሳቸው ተውኳቸው። ዛሬም የሚቆጨኝ ምርጫዬ ሳይሆን ይሄኛው ነው።

ጋሼ ዓለሙ በየሁለት ሳምንቱ ከጎንደር ይደውሉ ነበር። ስለ ልጃቸው ነገር፣ ዛሬ ነገ ስለሚሏቸው ሰዎች ካወሩ በኋላ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ሸክላዎቼስ?» ይሉ ነበር፣ አባየም እየሳቀ፣ «ደህና ናቸው ጋሼ! ልጅቱ ጥሩ ላስቲክ መርጣላቸው እንደ ሙሽራ ለብሰው ተቀምጠዋል» ይላቸው ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እከፍት ነበር። በእንቅልፌ እንኳ «አደራ በላ» ሲሉኝ እሰማ ነበር፤ ከዚያ የከፋ ስድብ በቤታችን አልነበረምና።

የመከር በዓላት አልፈው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ ትምህርት በሌለኝ ቀን እማየ ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። መሀል ከተማ የሚኖር ሽሙኤል የሚባል ሽማግሌ ትንከባከብ ነበር። ሳሎኑ ስገባ ክው አልኩ፤ ግድግዳው በሙሉ እንደ መጽሐፍ በተደረደሩ ሸክላዎች የተሞላ ነበር። እማየ ማዕድ ቤት ስትገባ፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «የአንተ ሸክላዎች ውስጣቸው ምን ለብሰው ነው?» ብዬ በዕብራይስጥ ጠየቅሁት።

ሽማግሌው ደስ አለው። አንዱን ስቦ አሳየኝ፤ ከላይ ወረቀት፣ ከውስጡ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ደብዘዝ ያለና ሽታ የሌለው ላስቲክ ነበረው።

«ጥርት ያለው፣ ወፍራሙ ላስቲክስ?» አልኩ።

ፊቱን አጨማደደ። «እሱ ሲሞቅ ያልበዋል፣ ላቡም ሸክላው ላይ ይቀራል።»

«ይለቃል?»

«አይለቅም። ማነው እንዲህ ያደረገ?»

«አንድ ሰው።»

«ለዚያ ሰው ንገሪው፣ ዛሬውኑ ያውጣቸው። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ይብሳል።» ስንወጣም ከመሳቢያው ከእነዚያ ስስ ፖስታዎች አንድ እፍኝ አውጥቶ ሰጠኝ።

አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ እማየ በመስኮት እያየች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያ ሰው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ከማዕድ ቤት ሰምታለች። አለቀስኩ። እሷም እንባዬን በእጇ ጠርጋ፣ «እኔ አልነግርልሽም። ለአባትሽ ራስሽ ትነግሪዋለሽ» አለችኝ።

አባየ ከጠዋት ፈረቃ ገብቶ እጁን ሲታጠብ በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት፤ ሸክላዎቹ መበላሸታቸውን፣ ላስቲኩ ላይ ስለ ሸክላ የተጻፈ ነገር እንዳልነበረ፣ ከበጋ ጀምሮ ማወቄን። ቧንቧውን ዘጋ።

«ከበጋ ጀምሮ?» አለኝ። «እኔኮ ደህና ናቸው እያልኩ ነበር።»

ቢመታኝ በወደድኩ ነበር። ማማዱ ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ እየላጠ ሲያወጣቸው እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ስሶቹን ፖስታዎች አቀብለው ነበር። የጎደለውን ሽሙኤል ካመለከተን ቦታ አስመጣን። አስራ አንዱ በሁለቱም ገጽ ተበላሽተዋል፤ የቀሩት አንዳንድ ቦታ ነጣ ብለው ተርፈዋል። ጋሼ ዓለሙ ሲደውሉ ግን አባየ አልነገራቸውም። «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም» አለ፣ እየሳቀ ማውራቱንም ተወ።

በክረምቱ መሀል፣ ዝናቡ ሲያወርደው በዋለ ቀን በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ዓለሙ ነበሩ፣ ብቻቸውን፣ ጫማቸው ውኃ ጠጥቶ። እማየ ኮታቸውን ተቀብላ ወደ ኋላቸው ተመለከተች። ማንም አልነበረም።

ገና ከመቀመጣቸው አባየ ተነሥቶ አስራ አንዱን አምጥቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠና ቆመ።

«ጋሼ፣ አደራዎን አበላሽቻለሁ። የማይሆን ላስቲክ አልብሼ ሙቀት ውስጥ አስቀመጥኳቸው።»

የእኔን ስም አላነሳም። ከኋላው ወጣሁና «እኔ ነኝ ጋሼ፤ አባየማ ወረቀቱን ይዞ ነበር» አልኩ።

ጋሼ ዓለሙ አንዱን አወጡና ወደ መብራቱ ዘንበል አድርገው አዩት። ከዚያ ማጫወቻውን አስመጥተው ሸክላውን አስቀመጡበት። እንደሚጠበስ ዘይት የሚንጫጫ ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ ዘፋኙም ከሥሩ እንደ ሩቅ ሰው ይሰማ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ባየው» አሉ መርፌውን አንሥተው፣ «ልጄን ጎንደር አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ አቁሜ ነው የመጣሁ። ለሸክላ የሚሆን እንባ አልተረፈኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አባየ።»

«እሱንስ?»

ዞሬ አባየን ሳየው ራሳቸው መለሱልኝ።

«እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ይዣቸው ምን እንደሚበጃቸው ስላላወቅሁ ጠየቅሁት፤ እሱም ስላላወቀ አንቺን ጠየቀሽ። ከአንቺ በታች የሚጠየቅ አልነበረማ!» ሳቅ ሊሉ ፈልገው አልሆነላቸውም።

የተረፉትን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ከተማ ሄዱ። ልጃቸው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣች፣ ለደስታውም ጠርተውን ሄድን፤ ተቀባብለው ሲስሙን ቂም አላየሁባቸውም። አባየ ግን ከዚያ ወዲያ የማንንም ዕቃ አላስቀመጠም፣ እኔም ደብዳቤ ሳነብለት «ይሄን ቃል አላውቀውም» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጊዜ ስለው ቀና ብሎ አየኝና «እንግዲያው ነገ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን» አለኝ።

ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። አንዳንድ ጊዜ አዲስ የመጣ አባት፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ከፊት ከፊቱ እያስኬደ ይመጣል፤ ልጅቱ የሐኪሙን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ፣ የማታውቀውን ቃል እንደምታውቅ ሆና ልትተረጉም ስትዘጋጅ ሳያት አውቃታለሁ። ያኔ ለእኔ እንዲህ የሚለኝ አልነበረም፤ አሁን ግን ወረቀቱን ቀስ ብዬ ከእጇ እወስድና፣ ወደ አባቷ ዞሬ በአማርኛ፣ «አባቴ፣ ለእኔ ይንገሩኝ፤ እሷ ትቀመጥ» እላለሁ።