ሸለምጥማጥ የማይደፍረው የወይዘሮ ደብሪቱ ደጅ

ወይዘሮ ደብሪቱ በድብ ባሕር መንደር የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ ጾም ባለመግደፍና ዶሮ ባለማስነጠቅ። በጾሙ ተወዳዳሪዎች ነበሯቸው፤ በዶሮው ግን አቻ አልተገኘላቸውም። ጎረቤት ማለዳ ተነሥቶ በጓሮው የተበተነ ላባ ሲለቅም፣ የእርሳቸው ዶሮዎች ማታ እንደ ገቡ ጠዋት ይወጣሉ። ምስጢሩ ረቂቅ አልነበረም። ቆጡ የተሠራው ከሚተኙበት መደብ በላይ ስለ ነበር፣ ዶሮ ያማረው ሸለምጥማጥ አስቀድሞ ወይዘሮ ደብሪቱን መሻገር ነበረበት፤ ይህን የሞከረ አልተሰማም።

ልጃቸው አንዱዓለም ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ቤት ሠርቶ «እናቴ፣ ብቻሽን አትቀመጪ፣ ነይልኝ» ባለ ጊዜ፣ ክረምቱ ይውጣ አሉ፤ ወጣ። አዝመራው ይግባ አሉ፤ ገባ። ሰበብ ሲያልቅባቸው ዶሮዎቹን አነሡ። የአንዱዓለም ቤት ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ ነው፤ ሚስቱ ሰላምም ጨዋ ልጅ ብትሆን፣ ሳሎኗ ውስጥ ዶሮ ሲወሳ ፊቷ ይለዋወጣል። «ዶሮዎቹ ውጭ ያድራሉ» የተባለውን ወይዘሮ ደብሪቱ የሰሙት፣ የልጅ ልጆቻቸው ውጭ ያድራሉ የተባሉ ያህል ነበር።

«ሽጫቸውና ነይ» አላቸው ልጃቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ለሸለምጥማጥ ያልሰጠሁትን ለነጋዴ ልስጥ? መጥቼ በጓሮህ ዶሮ ቤት አሠራለሁ። ካመንሁት ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ ካላመንሁት ከዶሮዎቼ ጋር እዚሁ እቀመጣለሁ።»

ዶሮዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ጎንደር ሄዱ። አናጢው ሙሉሰው በመጀመሪያ የሠራላቸው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ ርብራብ የሆነ፣ ለዓይን ሸጋ የሆነ ቤት ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀርበው በርብራቡ መካከል እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደዱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ለነፋስ ነው፣ እትዬ።»

«የሚገባው ነፋስ ብቻ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ሙሉሰው የርብራቡን ክፍተት በጣቱ ለካ። «ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ ወገቡን አያማክርም» አሉና አስፈረሱት።

ሁለተኛው ቤት ከመሬት በታች ተጀመረ፤ ቆፍሮ የሚገባም ጠላት አለና፣ መሠረቱ በድንጋይ ተሞላ። ግድግዳው ጥቅጥቅ ያለ ጣውላ ሆነ፤ መስኮቱ ዓይነ ጠባብ በሆነ የሽቦ መረብ ተወጠረ። ቁመቱም ጎንበስ ብለው ገብተው እንዲጠርጉት ተደርጎ ተለካ። ወይዘሮ ደብሪቱ እጅግ የተጨነቁበት ግን መቀርቀሪያው ነው። «ሰው ይረሳል። በሩ ሲገጠም በራሱ ይውደቅ፤ ከውጭ በአውራ ጣት ካልተነሣ በቀር አይከፈት» ብለው አዘዙ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ የምንሠራው ዶሮ ቤት ነው ወይስ ግምጃ ቤት?»

«ዶሮ ቤት ነው። ግምጃ ቤትማ ዘበኛ አለው።»

ጎንደር ግንብ ለማነጽ አስተማሪ የማትሻ ከተማ ናት፤ ይሁንና ከነገሥታቱ ወዲህ ስለ ደጃፉ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ማየቷ ያጠራጥራል።

ለልጃቸው አዲስ ቤት ጠበል በሚረጭበት ቀን አንዱዓለም መምሬ ልዑልቃልን ሊያመጣ ሄደ፤ ሰላም ወጥ ቤት ነበረች። ወይዘሮ ደብሪቱ የመጨረሻውን ምርመራ ሊያደርጉ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ገቡ። በጣውላው መጋጠሚያ ብርሃን የሚሾልክ እንደ ሆነ ለማየት በሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። መቀርቀሪያውም እንደ ታዘዘው በራሱ ወደቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጣራ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ጥቂት ካሰቡ በኋላ፣ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ሁለተኛ እንደማይገኝ ተረዱ። በሩን በትከሻቸው ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ። የመሠረቱን ጥግ በጥፍራቸው ቧጠጡ፤ ድንጋይ ነው። ሽቦውን ጎተቱ፤ ጣታቸውን አሳመማቸው። ሙከራው በከሸፈ ቁጥር ልባቸው በኩራት ይሞላ ጀመር።

በዚህ መካከል መምሬ ልዑልቃል መስቀላቸውን ይዘው፣ አንዱዓለምና ሙሉሰው እየተከተሏቸው፣ ጎረቤቶችም ከኋላ ሆነው ወደ ግቢው ገቡ። በሽቦው በኩል መጀመሪያ ያየቻቸው ከአንዱዓለም ጎረቤቶች አንዷ፣ ውቢት ናት።

«ምነው እትዬ፣ እዚያ ገቡ?»

«እየመረመርሁ ነው።»

«ይውጡ እንጂ፤ መምሬ መጥተዋል።»

«አልወጣም።»

አንዱዓለም ቃሉን የሰማው እንደ አድማ ነው። እናቱ ተቀይመው ዶሮ ቤት የገቡ መሰለውና፣ በሰው ፊት አፈረ። ከወጥ ቤት ወደ ወጣችው ሰላም ዞረ፤ ሰላምም ፊቷ እየገረጣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

«እሺ እናቴ፣ ዶሮዎቹ ሳሎን ይደሩ። ሰላምም እሺ ብላለች። ብቻ ውጪ።»

ከዚህ ቀደም ቢሆን ይህ ቃል ለወይዘሮ ደብሪቱ የድል ብሥራት ነበር። አሁን ግን ሳሎን ቤቱን በሽቦው አሻግረው በንቀት ተመለከቱት።

«ሳሎንህን ለራስህ ያዝ። በርህን አይቼዋለሁ፤ ሥሩ ድመት ያሳልፋል። ዶሮዎቼን እዚያ አላሳድርም። አልወጣም ያልሁትም መውጣት ስላልቻልሁ ነው።»

ሙሉሰው ፈጥኖ በአውራ ጣቱ መቀርቀሪያውን አነሣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሻሻቸው ላይ ጭድ እንደ ተጣበቀ ወጡ፤ መስቀል ተሳለሙ፤ ቀጥለውም ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ።

«እኔ በጥፍሬም በጥርሴም ታግዬ ያልወጣሁበት ቤት፣ ሸለምጥማጥ አይገባበትም።»

«ጥርስ ያሉት የትኛውን ነው፣ እትዬ?» አለች ውቢት።

«የቀሩት ለምስክርነት ይበቃሉ» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማኪና ፈልግልኝ። ዶሮዎቼን አመጣለሁ፤ እኔም መጣሁ።» አንዱዓለም ጉልበታቸውን ሳመ።

መምሬ ቤቱን ረጭተው ሲጨርሱ ወይዘሮ ደብሪቱ ዶሮ ቤቱን አመለከቷቸው። መምሬ አመነቱ፤ ለዶሮ ማደሪያ ጠበል ሲረጭ እንዳልሰሙ ተናገሩ።

«ጴጥሮስን ወደ ንስሐ የመለሰው ማን ሆነና ነው፣ አባቴ?»

መምሬ ልዑልቃል መጽሐፍ አዋቂ ናቸው፤ ሲረቱም ያውቃሉ። ፈገግ ብለው ረጩት።

ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ በአንድ የዝናብ ሌሊት ማግስት፣ በጭቃው ላይ ዶሮ ቤቱን የዞረ የሸለምጥማጥ ኮቴ ታየ። ሰላም መጥረጊያ ይዛ ብትወጣ ወይዘሮ ደብሪቱ አስቆሟት፤ በበሩ ፊት ያለው ኮቴ እንዳይረገጥም እንቅብ ደፉበት። ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ሳሎኑን ከማየቱ በፊት ወደ ጓሮ ይወሰዳል። ወይዘሮ ደብሪቱ እንቅቡን አንሥተው በበትራቸው ጫፍ ያሳያሉ።

«እዚህ ጋ በሩን አሸተተ። እዚህ ጋ ቧጠጠ። እዚህ ጋ ደግሞ ቁጭ ብሎ አሰበ። ከዚያማ፣ ይኸው፣ ወደ ወንዙ ወረደ።»