ያገባችውስ መነጽሯ ነበረች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ ጾም በገባ ቁጥር እየሄድኩ የረባ ያልረባውን፣ ሰው መሳደቤን፣ ዓርብ ቀን ማኪያቶ መጠጣቴን ተናዝዤ፣ ዋናውን ጉሮሮዬ ላይ ይዤው እመለሳለሁ። ይሄ ንስሐ ነው? ድንቄም ንስሐ! እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገረው። ስትሰሙኝ ግን እንዳታዝኑልኝ። እኔ በአንዲት ልጅ ሰርግ ቀን አንድ ነገር ተናግሬ ሰርጓን ያፈረስኩ ሰው ነኝ። መናገሩስ አምልጦኝ ነው ይባል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ምን ልበለው?

ያኔ ቀራንዮ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ድሮን አበር ነበር። ድሮን የሚያበር ሰው ዓይኑ ላይ የሚያጠልቀው ትልቅ መነጽር አለ፤ ድሮኑ ከሰማይ የሚያየውን እሱ ውስጥ ታያለህ። ታዲያ ሁለቱ ካልተገናኙ ምንም አይታይም። እኛ ሠራተኞቹ ይህን ማገናኘት «ማጋባት» ነበር የምንለው። ድሮኑ ባል፣ መነጽሯ ሚስት። ምስል ሲመጣ «ተጋቡ» እንላለን፣ ግንኙነቱን ስናጠፋው «አፋታናቸው» እንላለን። ቀልድ ነበር እኮ! እየሳቅን ያወጣነው ቋንቋ ነው፤ ከእኛ ውጪ የሚያውቀውም የለም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ በላቸው አንድ ሕግ ነበራቸው፤ መነጽሯ ለማንም አትዋስም። «አንተ ሚስትህን ታውሳለህ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰርግ ዋዜማ ለሙሉጌታ አዋስኩት። ሙሉጌታ ሳንሱሲ የሚኖር ጓደኛዬ ነው፤ ድሮን አግኝቶ መነጽር ገና አላገኘም ነበር። ለምን አዋስኩት? አዝኜለት እንዳይመስላችሁ። «አንተን ደግሞ ማን ይከለክልሃል?» ሲለኝ ደረቴ ተነፋ። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው በዚህች ባዶ ጉራ ነው።

ሙሽራዋ ትዕግስት ትባላለች፤ ሰፈሩ ቲጂ ነው የሚላት። የአባቷ ግቢ ስለማይበቃ ድንኳኑ መንገድ ላይ ተተክሏል። ሙሽራው ናሆም ከነአጃቢዎቹ ደርሶ፣ ሴቶቹ በር ይዘው አናስገባም እያሉ ሲጨፍሩ፣ እኔ ድሮኑን አበራሁና መነጽሯን አጠለቅኩ። ጨለማ! የመነጽሯን ቁልፍ ተጫንኩ፣ የድሮኑን ቁልፍ ጲጵ እስኪል ያዝኩ። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አረንጓዴ አይሆንም። አጥፍቼ አበራሁ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ። አንቴናውን አጠበቅኩ። ምንም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የተባለው ለእኔ ነው! ጋሽ በላቸው ካሜራቸውን ተሸክመው ከወዲያ ማዶ «ምነው?» በሚል ዓይን ያዩኛል።

ያኔ ገባኝ። ሙሉጌታ የሆነ ነገር ነካክቷል። ከድንኳኑ ጀርባ ዞሬ ደወልኩለት። አለቃዬ እንዳይሰሙኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ግን እንደተናደድኩ፣ እንዲህ አልኩት፦

«አንተ፣ ምን አድርገሃት ነው? ትናንት ያንተኛውን አግብታ መጥታ ዛሬ ከዚህኛው ጋር አልጋባም አለች እኮ! ሰርገኛው በር ላይ ቆሟል። እንዴት ነው የማፋታት? ቶሎ ንገረኝ፣ ሰው ሳያውቅብን!»

ሙሉጌታ ሳቀብኝ። «የመነጽሯን ሴቲንግ ክፈት። የድሮኑን ዓይነት ወደ እኔ ቀይሬው ነበር፣ ወደ እናንተው መልሰው» አለኝ። መለስኩት። ቁልፉን ያዝኩ፣ ጲጵ አለ፣ አረንጓዴ በራ። ምስሉ መጣ። ተመስገን አልኩ። የድንኳን ሸራ እንኳን ሹክሹክታ የልብ ትርታም አያስቀር፤ ከሸራው ወዲያ የሙሽራው አክስት እትዬ አስካለ ፀሐይ ሸሽተው ቆመው ነበር።

ድሮኑን አስነሳሁት። ከላይ ሆኜ ሳይ የሙሽራው ወገን ጭፈራውን ትቶ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ጭንቅላት ገጥሟል። እኔ ሞኙ፣ እንዴት ያለ ቆንጆ ምስል ነው ብዬ ዝቅ አድርጌ ቀረጽኩት። ወዲያው አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ድሮኑን ባለበት አቆምኩት፤ መነጽሯን ግን አላወለቅኩም።

«አንተ ልጅ» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ሌላ አግብታ መጣች ስትል ሰምቼሃለሁ። እንዴት ነው የማፋታት ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። በመድኃኔ ዓለም ይዤሃለሁ፣ ሰውየው ማን ነው?»

ከጎናቸው የጋሽ በላቸውን ሳል ሰማሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። «ኧረ እናቴ፣ እኔ የማወራው ስለ መነጽሬ ነው!» ብል ሰርገኛው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ግን ጋሽ በላቸው ቀጥለው «ከማን ድሮን ጋር አጋባሃት?» ይሉኛላ! ያችን ጥያቄ ፈራሁ። የአንዲት ልጅ ክብርና የአለቃዬ ቁጣ ቀረቡልኝ፣ እኔም የአለቃዬ ቁጣ ከበደብኝ። አያሳፍርም?

«እኔ የለሁበትም» አልኩ። «እኔን በሰው ነገር አትጨምሩኝ። እኔ ድሮን አብራሪ ነኝ።»

እኔ የለሁበትም! በእኛ ሰፈር ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? ነገሩስ አለ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ብቻ ከእኔ አፍ አይውጣ ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ ነው ያልኩት። ብዋሽ እንኳ ይሻል ነበር።

ቲጂ ደግሞ ከዓመታት በፊት ለሌላ ሰው ታጭታ፣ ቀለበት ካሰረች በኋላ ቀርቶባት ነበር። ሰፈሩ ያውቃል፤ ለናሆምም ራሷ ነግራዋለች። የእኔ ቃል ሄዶ በዚያች ቁስል ላይ ተለጠፈ። ድንኳኑን ዞሮ ሳይጨርስ፣ ቲጂ የድሮውን ሰውዬ በፊርማ አግብታ ሳትፈታው ነው የመጣችው፣ ድሮን አብራሪው ሲናገር ተሰምቷል ተባለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? እመልሰው የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም መነጽር አጥልቄ ቆሜያለሁ።

ናሆም ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ቲጂ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ያለውን ሁሉ ነግሬህ የለ?» አለች። «ዛሬ እንዲህ ሰው ፊት አቁመህ ከጠየቅከኝ ነገም ትጠይቀኛለህ። እኔ ስጠየቅ አልኖርም።» ቬሏን አውልቃ ለሚዜዋ ሰጠችና ወደ ቤት ገባች። ሰርገኛው መኪናውን አዙሮ ሄደ። አባቷ ከባዶው ወንበር መሀል ቆመው፣ የቀረውን ጎረቤት «ብሉ እንጂ፣ ምነው አትበሉም?» ይሉ ነበር። እኔም በልቼ ነው የሄድኩት። አዎ፣ በላሁ!

በኋላ ሰው «እንኳንም ቀረባት፣ በወሬ የሚጠራጠር ባል ምን ያደርግላታል» ሲል ሰማሁ። ይህን ይዤ ስንት ጊዜ ራሴን አባበልኩ! የሰው ባል እንድፈትን ማን ሾመኝ? ናሆም በመጠየቁ ከበደለ፣ እኔ እንዲጠይቅ ያደረግኩት ምን ልባል ነው?

አሁን የራሴ የስልክ መጠገኛ አለኝ፣ እዚያው ቀራንዮ ታክሲ መያዣው አጠገብ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ኤርፎን ይዛ መጣች። «ከስልኬ ጋር አልገናኝ አለኝ» አለች። አጎንብሼ እንደምሠራ፣ በለመደ አፌ፣ «ከሌላ ስልክ ጋር ተጋብቶ ነው፣ አሁን አፋታዋለሁ» አልኳት።

ቀና ስል ቲጂ ናት። እሷ እኔን አታውቀኝም፤ ያን ቀን ፊቴ በመነጽር ተሸፍኖ ነበር።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትሉት?» አለች።

«አዎ፣ የሙያ ቀልድ ነው።»

ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። «ድሮን የሚያበሩትም እንዲህ ይላሉ?»

እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ፣ ያውም በእግሯ ደጄ ድረስ አምጥቶ! እኔስ ምን አልኩ?

«ድሮን እንኳ እኔ የለሁበትም፣ እህቴ።»

ኤርፎኑን አገናኝቼ ሰጠኋት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» ብላኝ ሄደች። አመሰገነችኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ወር ሞላኝ፤ ስለዚህ ነገ እሄዳለሁ ብዬ አልምልላችሁም፣ የእኔን ነገ እኔ አውቀዋለሁ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ብቻ ይህ ጽሑፍ እጇ ከገባ እዚህች ጋ ስትደርስ ታንብበው።

ቲጂ፣ ያን ቀን ሌላ ያገባችው መነጽሯ ነበረች። ከሸራው ጀርባ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አባትሽ «ብሉ እንጂ» ሲሉ የበላሁት እኔ ነኝ። ባንኮኒው ላይ ዓይንሽን እያየሁ የካድኩሽም እኔው ነኝ። አለሁበት።